ታሪክ የት ይነበባል? ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት እስከ ካዛንቺስ

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ምሽት። ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነበርና ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ በአንድ ሳሎን ይታጨቅ ነበር። የዚያን ምሽት የታየው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነው። ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ካሳየ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ የቀረበው ግን እርሱ እንደሠራው አልነበረም። ደርግ ፊልሙን ቆራርጦ፣ አጥንቱ ከገጠጠው ሕፃን አጠገብ የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ሞታቸውን ከሚጠብቁት እናቶች አጠገብ ሻምፓኝና ሥጋ የሚጎርሱ ውሾች አስገባበት። በማግስቱ ጠዋት መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን መውረዳቸውን አነበቡላቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በትንሽ ቮልስዋገን የኋላ ወንበር ተቀምጠው ከግቢው ወጡ፤ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦርም ተወሰዱ።

ቤተ መንግሥቱም ክፍለ ጦሩም የሚገኙት ዛሬ ቂርቆስ በምንለው ክፍለ ከተማ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ይኬዳል። አንድ ዘውድ የወደቀው በዚህች አጭር መንገድ ላይ ነው።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ታሪክን በምስልና በጽሑፍ ስለመንገር የሚነሣ ሁሉ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ። በፊልሙ ውስጥ የነበረው እያንዳንዱ ምስል እውነት ነበር። ረሃቡ ነበር፣ ግብዣውም ነበር። ረሃቡን መደበቅም ትልቅ በደል ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን የሰፋው እጅ ፍርዱንም አብሮ ሰፍቶታል። ተመልካቹ ፍርዱን የሰጠው ራሱ መስሎት ነው ወደ ቤቱ የገባው። ስለዚህ አንድ ሥራ ላይ «እውነተኛ ታሪክ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ አንባቢ እጁን አጣጥፎ መቀበል የለበትም። ማን ቆረጠው? ማን ቀጠለው? ለማን ሲባል?

ይህን ጥያቄ በጣም የሚያስፈልገው መጽሐፍ ስለዚሁ ቤተ መንግሥት የተጻፈ ነው። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ ከንጉሡ መውደቅ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ፣ በየቤታቸው ከተደበቁ የቤተ መንግሥት አገልጋዮች ሰማሁት ያለውን እ.ኤ.አ. በ1978 «ንጉሠ ነገሥቱ» በሚል መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ ዓለምን ዞረ። በውጭ አገር ብዙ አንባቢ ኃይለ ሥላሴን ያወቀው በዚህ መጽሐፍ ነው። ተናጋሪዎቹ ሁሉ ስም የላቸውም፤ በፊደል ብቻ ተጠቁመዋል። የሚናገሩበት አኳኋንም ጃንሆይን ያገለገለ ሰው የሚናገርበት አይደለም። መጽሐፉ ንጉሡ ማንበብ የማይወዱ፣ ነገር ሁሉ በጆሯቸው የሚደርሳቸው ሰው እንደነበሩ አድርጎ ያቀርባል። በስደት ባዝ ከተማ ተቀምጠው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን ያዘጋጁት፣ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው የሚያነቡት ሰው ይህ ሲባልባቸው ኢትዮጵያን የሚያውቁ ምሁራን ዝም አላሉም፤ ስህተቱን አንድ በአንድ ዘርዝረዋል። በፖላንድ ደግሞ መጽሐፉ የተነበበው ሌላ ሆኖ ነው። የዋርሶ አንባቢ ያየበት የራሱን የኮሚኒስት ፓርቲ አለቆች ነበር። ሳንሱሩ ስለ ሩቅ አገር ንጉሥ የተጻፈ ነው ብሎ ሲያሳልፈው፣ ሕዝቡ ስለ ራሱ ገዢዎች አነበበው።

የካፑሺንስኪ ብዕር ኃይል አለው። አንድ ፍርሃት የሞላበት ግቢ ውስጡ እንዴት እንደሚሸት ያሳያል። የእኔ ፍርድ ግን ይህ ነው፦ ልብ ወለድ ቢባል ኖሮ ትልቅ ልብ ወለድ ይሆን ነበር። ዘገባ ተብሎ መታተሙ የእኛን ሰዎች፣ ስማቸው እንኳ ያልተጻፈውን እነዚያን አገልጋዮች፣ ያላሉትን እንዲሉ አድርጓቸዋል።

የበዓሉ ግርማ ነገር ግን የዚህ ግልባጭ ነው።

በዓሉ የተማረ ጋዜጠኛ ነበር። «መነን» መጽሔትን፣ «አዲስ ዘመን»ንና «ኢትዮጵያን ሄራልድ»ን በአዘጋጅነት መርቷል፤ በደርግ ዘመንም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። አብዮቱን በተስፋ የተቀበለ ሰው እንደነበር «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ን ያነበበ ያውቃል። በ1974 ዓ.ም. መንግሥት በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲከፍት የፕሮፓጋንዳውን ሥራ ይዘው አሥመራ ከሄዱት አንዱ እርሱ ነው። የዘመቻው ግብ ናቅፋን ይዞ ጦርነቱን መጨረስ ነበር፤ ናቅፋ ግን አልተያዘችም። በዓሉ ያየውን ይዞ ተመለሰና «ኦሮማይ»ን ጻፈ። በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት አወጣው።

መጽሐፉ ላይ «ልብ ወለድ» ተብሎ ተጽፏል። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም፣ አሥመራዊቷ ፊያሜታ፣ የሆቴሉ ምሽት፣ የሰላዮቹ ድብብቆሽ፣ ሁሉም የልብ ወለድ ልብስ ለብሷል። ዘመኑን የኖረ ሰው ግን እያንዳንዱ ባለሥልጣን ማን እንደሆነ በስሙ ሊጠራልህ ይችል ነበር። ከዚያ ዘመን የመንግሥት ጋዜጦች ስለ ቀይ ኮከብ ከጻፉት ሁሉ ይልቅ ያን ዘመቻ ያሳየን ይህ ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከመደብር ተለቀመ። የተያዘው ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ በስውር ዞረ፤ ዋጋውም ሽቅብ ወጣ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ ቮልስዋገን መኪናው ከከተማ ወጣ ብሎ በደብረ ዘይት መንገድ ቆማ ተገኘች። እስከ ዛሬ መቃብሩ አይታወቅም። «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፤ ከታተመ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ።

እንግዲህ ዘገባ የተባለው ልብ ወለድ፣ ልብ ወለድ የተባለው ዘገባ ሆኖ አገኘነው። ሁለቱን መጻሕፍት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማንበብ ስለ ታሪክ አጻጻፍ ከብዙ ንግግር የበለጠ ያስተምራል። ሽፋኑ ላይ ካለው ስያሜ ይልቅ የሚመዝነው ጸሐፊው የከፈለው ዋጋ፣ የቆመበት ስፍራና ያየውን ለመመስከር ያለው ድፍረት ነው።

በርእሱ ላይ ካዛንቺስን ያነሣሁት በሌላ ምክንያት ነው። ይህ ሰፈር ራሱ የጦርነት ልጅ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. የንጉሡ ቤተሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄድ ከተማዋ ያለ ጠባቂ ቀረች፤ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። በሦስተኛው ቀን የጣሊያኑ የባዶሊዮ ጦር ገባ። ወራሪው ወዲያው ከተማዋን እንደገና የመሳል ሥራ ጀመረ። ሌ ኮርቡዚዬን የመሰለ የዓለም አርክቴክት እንኳ ሳይጠራ የራሱን ንድፍ ለሙሶሊኒ አቅርቦ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ነባሯ አዲስ አበባ እንደሌለች ተቆጥራለች። በኋላ የጸደቀው የጣሊያኖቹ ፕላን ነጭና ጥቁር ለየብቻ እንዲኖሩ የሚያዝ ነበር። የአገሬው ሰውና ገበያው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወዳለበት ተገፋ። ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራው ተቋም ደግሞ በምሥራቅ በኩል ቤቶቹን ተከለ፤ ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከዚያ ተቋም ነው። ቂርቆስ ውስጥ ያለው ፖፖላሬም የዚያው ዘመን አሻራ ነው።

የእነዚያ ቤቶች ንድፍ በሮም መዛግብት ውስጥ ተቀምጧል። ፎቶግራፉም አለ፤ የጣሊያን ወታደሮች ካሜራ ይዘው የመጡ ነበሩና። የጎደለው የተገፋው ሰው ቃል ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ከተማዋ ለሦስት ቀን ስትታረድ ሰው በየጎጆው በእሳት ነደደ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቹን ቁጥር 30,000 ብሎ ለዓለም አሳውቋል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኢያን ካምቤል ሰነዱን ከሽማግሌ ምስክሮች ቃል ጋር እያገናዘበ ለዓመታት ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ 19,000 ይጠጋል ይላል። ቁጥሩ ላይ ክርክሩ ይቀጥላል። ዋናው ነገር ካምቤል ምስክሮቹን ሳይሞቱ ማግኘቱ ነው። እነርሱ ባይጠየቁ ኖሮ ለታሪክ የሚቀርለት የገዳዩ መዝገብ ብቻ ነበር።

የራሳችን ሰዎች የጻፉትን ግን አሳንሰን ማየት የለብንም። ተመስገን ገብሬ፣ «የጉለሌው ሰካራም»ን የጻፈው ያ ደራሲ፣ የየካቲቱን እልቂት በዓይኑ አይቶ በ«ሕይወቴ» ውስጥ አስፍሮታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በጦርነቱ ዘምተው ተማርከው በጣሊያን ደሴቶች ታስረው የኖሩትን በ«ትዝታ» ነግረውናል። ስንዱ ገብሩ አዚናራ ደሴት ድረስ ታስራ ተመልሳ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን አወጣች፤ በጦርነት ውስጥ ያለፈች ሴት በራሷ ብዕር የተናገረችበት መጽሐፍ ነው። ዛሬ በስንት ትምህርት ቤት ይነበባል? የእኛ የታሪክ ትምህርት ለጦር አዝማቹ ቦታ ሲሰጥ፣ ስንቅ የተሸከመችውን፣ ጥይት በቀሚሷ ያሳለፈችውን፣ የተማረከችውን ሴት በአንድ መስመር ያልፋታል። ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ተቀምጣ ለአርበኞች መሣሪያና መረጃ ታቀብል ነበር፤ ተይዛ ተገርፋለች፣ ጣሊያን አገርም ታስራለች፤ ተመልሳም ተዋግታለች። በስሟ የሚጻፍ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ የሚገባት ሴት ናት።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሣችው አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ የተሰደደችው መዓዛ መንግሥቴ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣውና በቀጣዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ በሆነው «ዘ ሻዶው ኪንግ» ልብ ወለዷ፣ ሂሩት የምትባል አገልጋይ ልጅ ጠመንጃ ታነሣለች። መዓዛ ለዚህ ሥራ የጣሊያን ወታደሮች ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ለዓመታት ሰብስባለች፤ የገዛ ቅድመ አያቷም በዚያ ጦርነት እንደዘመተች ያወቀችው ሥራውን ስትሠራ ነው፤ የነገረቻት እናቷ ናት። ይህ ልብ የሚነካ ነገር ነው። ደራሲዋ ዓለምን ዞራ መዝገብ ስትፈትሽ የምትፈልገው ታሪክ በእናቷ አፍ ውስጥ ነበር። ማንም ስላልጠየቀ አልተነገረም።

ወደ መስቀል አደባባይ እንውረድ። በደርግ ጊዜ አብዮት አደባባይ ይባል የነበረው ይህ ሜዳ፣ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደም የሚመስል ፈሳሽ የሞላበትን ጠርሙስ እየወረወረ የሰበረበት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን የአዲስ አበባ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። ከአደባባዩ ዳር በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ከፊቱ የእናቶች ሐውልት ቆሟል። ውስጡ ግድግዳው በሙሉ ፎቶግራፍ ነው፤ አብዛኞቹ ለመታወቂያ የተነሱት ጉርድ ፎቶ፣ አፍሮ ያጎፈሩ፣ ሰፊ ኮሌታ የለበሱ ወጣቶች። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅም፣ የተቀደደ ሹራብ፣ ጫማ፣ ሰው የታነቀበት ገመድ ይታያል። የወፌ ላላ አገራረፍም እንዴት እንደነበር ይገለጻል። ለዓመታት እንግዳ ያስጎበኙ ከነበሩት መካከል ራሳቸው በዚያ እስር ያለፉ ሰዎች ነበሩ። አፅሙን ለይቶ ለማወቅ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል፤ የራሳቸውን አገር የጠፉ ልጆች በመፈለግ የሠለጠኑ ናቸው።

ሙዚየሙ የሟቹን ፊት ያሳያል። የሟቹን ልብ ግን ሊያሳይ አይችልም። አንድ አባት ልጁ በመንገድ ላይ ተጥሎ እያየ ለምን አላለቀሰም? ወንድም ወንድሙን በቀበሌ ሲያስመዘግብ ማታ እንዴት ተኛ? መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ አንድ ሐኪምንና ሁለት ወንዶች ልጆቹን ይዛ ወደዚያ ቤት የገባችው ለዚህ ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን ቀደም ብሎ በ«ማዕበል» ሦስት ክፍሎች የአብዮቱን ዋዜማ፣ መባቻና ማግስት የተከተለው ለዚህ ነው። ልብ ወለድ እዚህ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ፍርድ ቤት የማይመዘግበውን የፍርሃት ታሪክ ይመዘግባል።

ፍርድ ቤቱም የራሱን ሠርቷል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሰነድ ሰብስቦ፣ ምስክር አሰምቶ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ። የደርግ ፊርማ ያለባቸው ወረቀቶች የተገኙት ግድያውንም ቢሆን በደብዳቤ ያዝዙ ስለነበር ነው። እነዚህ ሰነዶች ከሌሉ «አልነበረም» የሚል ይመጣል። ልብ ወለድ ይህን ሊተካ አይችልም፤ ሊሞክርም አይገባውም።

ከዚያ በኋላ የማስታወሻ መጽሐፍ ዘመን መጣ። መንግሥቱ «ትግላችን»ን፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን አሳተሙ። በሌላው ወገን፣ ደርግን ከታገለው ከኢሕአፓ፣ ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ»ን በተከታታይ ጻፈ። መጻሕፍት አዟሪዎች እነዚህን ሁሉ በአንድ ክንዳቸው ላይ ደርድረው ከስታዲየም እስከ ብሔራዊ ቴአትር ይዞራሉ፤ አሳዳጁና ተሳዳጁ በአንድ ክንድ ላይ። ሁሉንም ማንበብ ያስፈልጋል፤ አንዱን ብቻ ማንበብ ግን አደጋ አለው። መሪ የነበረ ሰው ሲጽፍ ጠበቃም ዳኛም ራሱ ነው። የቀይ ሽብርን ጥፋት የጀመረው ሌላው ነው የሚል ማብራሪያ በአንዱ መጽሐፍ ታገኛላችሁ፤ የሌላውን ስታነቡ ነገሩ ተገልብጦ ይጠብቃችኋል። ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ የሕይወት ተፈራ ምስክርነት ነው። በኢሕአፓ ውስጥ ታግላ፣ ስምንት ዓመት ታስራ፣ የምትወደው ጌታቸው ማሩ በራሱ ድርጅት እጅ ተይዞ እንዴት እንዳለቀ ጭምር ጽፋለች። የራስን ወገን ጥፋት ሳይደብቁ መጻፍ በእኛ አገር የታሪክ ጽሑፍ ገና አልተለመደም። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣውን ይህን መጽሐፍ ያላነበበ ያን ዘመን አነበብኩ ባይል ይሻላል።

ልብ ወለዱም ከዚህ ጥንቃቄ ነፃ አይደለም። «የቡርቃ ዝምታ» የተባለውን ልብ ወለድ ብዙ ሰው እንደ ታሪክ ሰነድ ይዞ እስከ ዛሬ ይከራከርበታል፣ ይጣላበታል። ደራሲ የፈጠረውን ትዕይንት እንደ ምስክር ቃል የሚጠቅስ አንባቢ መጽሐፉንም ታሪኩንም ይበድላል። የእርስ በርስ ጦርነት ቁስላችን ገና ሳይደርቅ፣ የትግራይና የአማራ፣ የአፋርና የኦሮሚያ ቤተሰቦች ሬሳቸውን ገና ቆጥረው ሳይጨርሱ፣ ይህ ጥንቃቄ የጽሑፍ ወግ ብቻ አይደለም። ነገ በእነዚህ ጦርነቶች ላይ የሚጻፉ ልብ ወለዶች ይኖራሉ። ደራሲዎቻቸው እንደ በዓሉ ያዩትን ይጻፉ፤ ያላዩትን ደግሞ ካዩት ሰዎች ይስሙ።

ለዚህም ነው የካዛንቺስ ነገር የሚያንገበግበኝ። በ2017 ዓ.ም. መባቻ በመልሶ ማልማት ሰፈሩ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሄደ። አዲስ ሕንፃና ሰፊ መንገድ የከተማ መብት ነው፤ ያረጀ ቤት ውስጥ ተጨናንቆ የኖረ ሰው የተሻለ ቤት ማግኘቱን የሚቃወም የለም። አፍሪካ አዳራሽ አለ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል የሚያበራበት ያ አዳራሽ ታድሶ ቆሟል። ቤተ መንግሥቱም አለ። ትልልቁ ታሪክ ጠባቂ አያጣም። የተበተነው የሰፈሩ ሰው ነው፤ በጣሊያን ቤት ውስጥ ያደገው፣ በ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት የተኩስ ድምፅ የሰማው፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ልጁን ጣሪያ ሥር የደበቀው፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ታንክ ሲገባ በመስኮት ያየው። እነዚህ ሰዎች በእድርና በማኅበር አንድ ላይ ሳሉ አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውስ ነበር። አሁን በየአቅጣጫው ሄደዋል፣ ዕድሜያቸውም ገፍቷል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የካዛንቺስና የቂርቆስ ልጆች፣ አንድ ልመና አለኝ። ስልካችሁ ድምፅ ይቀርጻል። እናትና አባታችሁን፣ አያቶቻችሁን፣ የድሮ ጎረቤቶቻችሁን አስቀምጡና ጠይቁ። ከዓመተ ምሕረቱና ከስሙ ጀምሩ፤ የት ቤት፣ የትኛው ቀበሌ፣ ማን አብሮ ነበር፣ ማን ጠፋ በሉ። ያልገባችሁን ደግማችሁ ጠይቁ፤ መናገር ያልፈለጉትን አታስገድዱ። የቆየ ፎቶ፣ የእድር መዝገብ፣ የእስር ቤት ደብዳቤ ካለ ኮፒውን ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ወይም ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አድርሱ። ዋናውን እናንተው ጠብቁት። ታሪክ ጸሐፊውም ደራሲውም ነገ የሚነሡት ከዚያ ነው፤ ይህ ሥራ ደግሞ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ፣ በዚህ ዓመት መጀመር አለበት።